ጋጋኖን በባይኖኩላር፦ ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ ያለው የወፍ ጉብኝት ሲመዘን

ቅዳሜ ጥር 2 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ገና በዋለ በሦስተኛው ቀን፣ አራት ሆነን በአዲስ አበባ መሀል የግማሽ ቀን የወፍ ጉብኝት አድርገን ነበር። አገልግሎቱን የሚሰጠው አንድ አነስተኛ አስጎብኚ ድርጅት ሲሆን፣ ክፍያው በነፍስ ወከፍ 1,800 ብር፣ ባይኖኩላር (ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር) ለሚከራይ ሰው ደግሞ ተጨማሪ 300 ብር ነው። በዚህ ዋጋ የሚገኘው አንድ አስጎብኚ፣ ቁርስ፣ ከቦታ ቦታ የሚያደርስ ሚኒባስ እና በመጨረሻ የታዩት ወፎች ስም የሰፈረበት አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ከአራቱ ውስጥ የከፈልነውን ገንዘብ የሚያስረሳው አስጎብኚው ብቻ ነው፤ የቀሩት ወይ መካከለኛ ናቸው፣ ወይ መሻሻል አለባቸው። ይህን ግምገማ የምጽፈውም ለመሄድ የሚያስቡ ሰዎች የትኛውን ተማምነው፣ የትኛውን ከቤታቸው ይዘው መሄድ እንዳለባቸው አስቀድመው እንዲያውቁ ነው።

ሐሳቡ የመጣው ለበዓሉ ከኖርዌይ ዋና ከተማ ከኦስሎ ከመጣው የልጅነት ጓደኛችን ነው። እሱ በሚኖርበት አገር በጥርና በየካቲት ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ከጓደኞቹ ጋር ከከተማው በስተሰሜን ኖርድማርካ ወደሚባለው ደን ይሄዳል። የከተማው ባቡር እስከ ጫካው ጥግ ስለሚያደርስ ሰዉ ስኪውን፣ በበረዶ ላይ ለመንሸራተት ከጫማ ሥር የሚታሰረውን ረጅም ሰሌዳ፣ ተሸክሞ ይሳፈራል፤ ከዚያም አገር አቋራጭ ስኪ እየተንሸራተቱ፣ በየመካከሉ እየቆሙ ወፍ ሲያዩ ይውላሉ። ስኪው በበረዶው ላይ ሲሄድ የሚያሰማው ድምፅ ወፎቹን ስለሚያሸሽ ዋናው ብልሃት መቆሙ እንደሆነ፣ ጥቂት ደቂቃ ታግሠው ዝም ሲሉ ደኑ እንደገና መንጫጫት እንደሚጀምር አጫውቶናል። ከእኛ ጋር የነበሩት ጡረተኛው ጎረቤታችን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ «ሐበሻ ደግሞ በበረዶ ላይ ምን ይሠራል?» ብለው ቢቀልዱበት፣ አዲስ አበባ የተወለደው ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 በቱሪን፣ በ2010 ደግሞ በቫንኩቨር በተካሄዱት የክረምት ኦሊምፒኮች በዚሁ በአገር አቋራጭ ስኪ ኢትዮጵያን ወክሎ እንደተወዳደረ አስታወሳቸው። ጋሼም ከዚያ በኋላ ዝም አሉ።

እሱ «ክረምት» ሲል እኛ ዝናብና ጭቃ ስለምናስብ ቀኑን ሙሉ ስንተራረም ነበር። የእሱ ክረምት ለእኛ በጋ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ጠዋቱ ሹራብ የሚያስፈልገው፣ ቀትሩ የሚያቃጥል። ለወፍ ጉብኝት ደግሞ ከዚህ የተሻለ ወቅት የለም፤ ምክንያቱም የእሱን ክረምት የሸሹት ወፎች በዚህ ጊዜ እኛ ዘንድ ናቸው።

ቀጠሮአችን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ30 በአራት ኪሎ፣ በድል ሐውልቱ አጠገብ ነበር። አስጎብኚው ቀድሞን ደርሶ አገኘነው። ባይኖኩላሮቹን የሚያመጣው ልጅ ግን 25 ደቂቃ ዘገየ። ወፎች በብዛት የሚዘምሩትና ምግብ ፍለጋ የሚንቀሳቀሱት ጎህ ሲቀድ ጀምሮ እስከ ሦስት ሰዓት ገደማ ስለሆነ፣ የጠፋብን ጊዜ ከጠዋቱ ሁሉ ምርጡ ነው። ድርጅቱ ይህን የማያውቅ አይመስለኝም።

ስለ ባይኖኩላሮቹ ትንሽ ልዘርዝር። የተሰጡን 8 በ42 የሚባሉት ናቸው፤ 8 የሚለው ነገሩን ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ፣ 42 የሚለው ደግሞ የፊተኛው ሌንስ ስፋት ስንት ሚሊሜትር እንደሆነ ያመለክታል። ምርጫው ትክክል ነው። ብዙ ሰው ቁጥሩ ከፍ ያለውን ይመርጣል፤ ነገር ግን 10 እጥፍ የሚያቀርበው የእጅን መንቀጥቀጥም አብሮ 10 እጥፍ ያጎላል፣ በአንድ ጊዜ የሚያሳየው ስፍራም ጠባብ ስለሚሆን ቅጠል ውስጥ የምትዘል ወፍ ለማግኘት ያስቸግራል። ችግሩ ከአያያዛቸው ላይ ነው። ለእኔ የደረሰኝ በአንደኛው ሌንስ ውስጥ ሻጋታ አብቅሎ ነበር፤ ወደ ብርሃን ዞር አድርጌ ስመለከተው የሸረሪት ድር የሚመስሉ ቀጫጭን ክሮች ከጠርዙ ተነሥተው ወደ መሀል ሲዘረጉ ይታያሉ። የጋሼ ደግሞ አንድ ጊዜ ወድቆ የተነሣ ይመስላል፤ ሁለቱ ቱቦዎች አንድ አቅጣጫ ስለማይመለከቱ ሐውልቱን ሁለት አድርጎ ያሳይ ነበር። አስጎብኚው ተቀብሎ በዓይኑ ላይ አደረገው፣ ወዲያው አወረደውና የራሱን ከአንገቱ አውልቆ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ የእኔን ይያዙ፤ እኔ በጆሮዬ እሠራለሁ» አላቸው።

እንዳለውም በጆሮው ሠራ። ገና ከመነሣታችን በፊት ሁላችንንም አቁሞ መነጽሩን ከዓይናችን ጋር እንድናስማማ አስተማረን። በመጀመሪያ ቀኝ ዓይንን ጨፍኖ በግራው ብቻ እያዩ የመሀሉን ጎማ በማዞር የሐውልቱን ጫፍ ማጥራት፣ ቀጥሎ ግራውን ጨፍኖ በቀኙ በኩል ዓይን አጠገብ ያለችውን ቀለበት እየጠመዘዙ ያንኑ ጫፍ ማጥራት ያስፈልጋል። የሰው ሁለት ዓይን ብዙ ጊዜ እኩል ስለማያይ ይህች ቀለበት የተሠራችው ለዚህ ነው። የባዮሎጂ መምህር የሆነችው ጓደኛችን ለዓመታት የቆየ ባይኖኩላር ቤቷ እያለ ይህን ሳታውቅ መኖሯን ስትናገር አልተሸማቀቀችም፤ እኔም ከእሷ የተሻልኩ አልነበርኩም።

የመጀመሪያው መዳረሻችን የቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ቅጥር ግቢ ነበር። አስጎብኚው ከመግባታችን በፊት ሁለት ነገር አስጠነቀቀን፤ አንደኛው ወደሚጸልዩ ሰዎች፣ ሁለተኛው ወደ ቤተ መንግሥቱና ወደ ፓርላማው አቅጣጫ ባይኖኩላር ፈጽሞ እንዳናነሣ ነው። በአራት ኪሎ አካባቢ በራሱ ፈቃድ ወፍ ለማየት የሚወጣ ሰው ይህን ልብ ሊል ይገባል። ግቢው ጸጥ ያለ ነው፤ ጽዱና ወይራው ያረጁ ናቸው። የቤተ ክርስቲያን ግቢዎች ወፍ የሚበዛባቸው በዚሁ ምክንያት ነው፤ በምኒልክ ዘመን የመጣው ባሕር ዛፍ ከተማውን ሲያለብሰው አገር በቀሉ ዛፍ ሳይነካ የቀረው በአብዛኛው በአጸዱ ውስጥ ነው፤ ፍሬውን የሚበላ፣ በቅርፊቱ ውስጥ ትል የሚለቅም ወፍም ወደዚያው ይሰበሰባል።

በካቴድራሉ ጣሪያ ጠርዝ ላይ ርግቦች ተደርድረው ነበር። ሁላችንም ዕድሜ ልካችንን ያየናቸው ስለሆኑ አላተኮርንባቸውም፤ አስጎብኚው ግን በባይኖኩላር እንድናይ ግድ አለን። በማጅራታቸው ዙሪያ ነጠላ የጣሉ የሚያስመስል ነጭ መስመር አላቸው፣ ሲበርሩ ደግሞ ክንፋቸው ላይ ነጭ ምልክት ይገለጣል። ይህች አመድማ ርግብ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በስተቀር በዓለም ላይ የትም አትገኝም። ጓደኛችን በኦስሎ አደባባይ የሚያያት የተለመደችው የከተማ ርግብ ሌላ ናት። ወፍ ለማየት ከአውሮፓ የሚመጡ ሰዎች በመጀመሪያው ቀን የሚያነሡት ፎቶ የዚችን፣ እኛ ከበረንዳችን «እሽ» ብለን የምናባርራትን ርግብ እንደሆነ ሰማን።

ከጽዱ ላይ ያየነው ግን የጠዋቱ ሁሉ የበላይ ነው። አስጎብኚው ቀና ሳይል፣ «በቀቀን አለ፣ ሁለት ናቸው» አለ። የሰማነው ቀጭን የፉጨት ድምፅ ብቻ ነበር፤ ዛፉን ሁላችንም ብናስስ ቅጠል እንጂ ሌላ አልታየንም። «ፍሬው የሚንጠባጠብበትን ተከተሉ» ሲለን ወደ መሬት አየን፤ ከዚያ የሚወርደውን ልጣጭ ይዘን ሽቅብ ስንወጣ ከጭብጥ የማትበልጥ አረንጓዴ ወፍ የጽዱን ፍሬ በቀይ ምንቃሯ መካከል ዞር ዞር እያደረገች ትላጣለች። አጠገቧ ያለው ወንዱ ነው፤ ግንባሩ ላይ ቀይ ቀለም አለው፣ ሴቷ የላትም። በሻጋታው ሌንስ በኩል እንኳ ቀዩ ግልጽ ነበር። ሁለቱም ተነሥተው ሲበርሩ የክንፋቸው ውስጥ ጥቁር መሆኑ ታየ። ይህም ወፍ የዚሁ የእኛ ደጋ ብቻ ነው። ለዚህች አምስት ደቂቃ ብቻ 1,800 ብሩን ድጋሚ እከፍላለሁ።

ከሥላሴ ወጥተን ወደ ግንፍሌ ድልድይ ወረድን። ውኃው እንደሚታወቀው ነው፤ ፕላስቲኩን፣ ሽታውን መደበቅ አይቻልም። ጋሼም «ለዚህ ነው ከእንቅልፌ የቀሰቀሳችሁኝ?» ማለታቸው አልቀረም። ነገር ግን ድንጋዩ ላይ ከሥሯ ቢጫ፣ ከጀርባዋ ግራጫ የሆነች ቀጭን ወፍ ረጅም ጭራዋን አንዴ እንኳ ሳታሳርፍ ወደላይና ወደታች እየወዘወዘች ነፍሳት ስትለቅም አየን። ይህች ወፍ የምትፈለፈለው በአውሮፓና በእስያ ወንዞች ዳር ሲሆን፣ ወንዙ ሲቀዘቅዝና ነፍሳቱ ሲጠፉ ወደ ደቡብ ትሰደዳለች፤ እኛ ዘንድ የምትቆየው ከመስከረም መጨረሻ እስከ መጋቢት ገደማ ነው። የኦስሎ ጓደኛችን በበጋ ወቅት፣ በእሱ በጋ ማለቴ ነው፣ በኖርድማርካ ጅረቶች አጠገብ እንደሚያያት ወዲያው ነገረን። ረዘም ላለ ጊዜ አያት። «እኔ በአውሮፕላን መጣሁ» ብሎ ብቻ ወደ ሚኒባሱ ሄደ።

በስድስት ኪሎ፣ በዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት አትክልት ስፍራ ያሳለፍነው አንድ ሰዓት ተኩል በጣም ጥሩ ነበር። ሙዚየሙን የሚጎበኝ ሰው ቲኬት ይቆርጣል፤ የእኛ በክፍያው ውስጥ ተካቶ ነበር። ሣሩ ላይ ጋጋኖዎች በረጅሙ ወደታች በቆለመመው ምንቃራቸው መሬቱን እየወጉ ትል ያወጣሉ። ጋጋኖን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም፤ ንጋት ላይ በጣሪያችን በላይ እያጓራ ሲያልፍ ያልሰማው የለምና። ከዐሥር እርምጃ ርቀት በባይኖኩላር ሲታይ ግን ሌላ ወፍ ነው፤ ጥቁር የሚመስለው ላባ ፀሐይ ሲያርፍበት አረንጓዴ ያብረቀርቃል፣ ትከሻው ላይ ነጭ አለው፣ ከምንቃሩ ሥር ደግሞ እንደ ክር የቀጠነ ቆዳ ተንጠልጥሎ ራሱን በነቀነቀ ቁጥር ይወዛወዛል። ጋሼ በድል ሐውልቱ አጠገብ አስጎብኚው የሰጣቸውን ባይኖኩላር እዚህ ላይ ለማንም አልመልስም አሉ።

ከዚያው ግቢ ሳንወጣ ቁጥቋጦ ውስጥ አንድ ወፍ ዜማዋን እየለዋወጠች ትዘምር ነበር። የባዮሎጂ መምህሯ በስልኳ ላይ የወፍ ድምፅ የሚለይ መተግበሪያ ከፍታ ነበርና መተግበሪያው በየሰኮንዱ ስም ይቀያይር ጀመር። አስጎብኚው ፈገግ ብሎ ይህች ወፍ የሌሎችን ዜማ የምትቀዳ እንደሆነች፣ በእንግሊዝኛም ከመቶ ዘጠና ዓመት በፊት ገደማ አገራችንን የጎበኘው ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ የሩፔል ስም እንደተሰጣት አስረዳት። ሆዷ ብርቱካናማ፣ ከዓይኗ በላይ ነጭ ቅንድብ ያላት ናት። በአበባው አጠገብ ደግሞ ረጅም ጭራና ቆልማማ ምንቃር ያለው፣ ሲታይ ጥቁር፣ ዞር ሲል ሐምራዊና መዳብ የሚመስል የአበባ ማር መጣጭ ወፍ ነበር። ሳይንሳዊ ስሙ የተከዜን ወንዝ ስም የያዘ ሲሆን ይህ ስም የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1814 ነው። ይህን ሁሉ አስጎብኚው እንደ ንግግር አልደረደረውም፤ ወፉ ፊታችን ሲሆን ብቻ አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጥላል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ዝም ማለት የሚያውቅ አስጎብኚ በዚህ ከተማ ብዙ አላጋጠመኝም።

ሦስት ሰዓት ሲሆን ፀሐይ መሬቱን አሙቃ አየሩ ሽቅብ መውጣት ሲጀምር፣ ጥንብ አንሳዎች ክንፋቸውን ሳያራግቡ በዚያው አየር ላይ እየዞሩ ከፍ አሉ። ትንንሾቹና ምንቃረ ቀጭኖቹ፣ ቄራ አካባቢ የሚያንዣብቡት ናቸው። እኛ እንደ ቆሻሻ ብንቆጥራቸውም እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዓለም አቀፉ መዝገብ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ወፎች ተርታ ተመድበዋል።

ከዚህ በኋላ ያለው የጉብኝቱ ክፍል ድካም ነው። ሚኒባሱ በቅርቡ ወደተሠራ አንድ ትልቅ መናፈሻ ወሰደን። መናፈሻው ለቤተሰብ መዝናኛ ያማረ ሊሆን ይችላል፤ ለወፍ ግን የታጨደ ሣር፣ ገና ያላደጉ ችግኞችና የድምፅ ማጉያ ሙዚቃ ምኑም አይደሉም። በአርባ ደቂቃ ውስጥ ድንቢጥና አንድ ቢጫ ምንቃር ያለው ጭልፊት አየን። ቁርሱም የቀረበው እዚሁ ነው፤ የቀዘቀዘ ሻይና ቦምቦሊኖ። ስለ ቁርሱ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

በመጨረሻ የተሰጠን ወረቀት 19 ወፎችን ይዟል፤ አሥራ አንዱ ብቻ የአማርኛ ስም ተጽፎላቸዋል፣ ከእነዚያም ውስጥ አራቱ «ድንቢጥ» ናቸው። ይህ የአስጎብኚው ጥፋት ብቻ አይደለም። በተለምዶ ትንሹን ሁሉ ወፍ፣ ትልቁን ሁሉ አሞራ ብለን የምናልፍ ሰዎች ነን፤ ዕውቅና ያለው ስም የያዙት ወይ ጫጩት የሚበሉብን ወይ የምንበላቸው ናቸው፤ ጭልፊት፣ ቆቅ፣ ጅግራ። ቢሆንም ሦስት ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ያለ ድርጅት ስሙ ለሌለው ወፍ ቢያንስ መልኩን የሚገልጽ አንድ መስመር አማርኛ ሊጽፍለት ይችል ነበር። የመስቀል ወፍን ምሳሌ አድርጌ አስጎብኚውን ጠየቅሁት፤ በዓመት አንዴ ብቅ ትላለች የምንላት ወፍ ከወዴት ትመጣለች? መልሱ አስደሰተኝ። ክረምቱ ሲወጣ ቢጫና ጥቁር፣ ወይም ቀይና ጥቁር ላባ የሚያወጡ ወንዶች ወፎች አሉ፤ የመራቢያ ጊዜያቸው ሲያልፍ ላባውን አውልቀው እንደ ሴቶቹ ቡናማ ይሆናሉ። ስለዚህ ከእነዚህ ብዙዎቹ ዓመቱን ሙሉ ከእኛ ጋር ናቸው፤ ልብሳቸውን ሲቀይሩ ግን አናውቃቸውም። የኦስሎ ጓደኛችን በአገሩ ተራራ ላይ ያለች ቆቅ መሰል ወፍ በበጋ ቡናማ ሆና በበረዶው ወቅት ሙሉ በሙሉ ነጭ እንደምትሆን፣ አንድ ጊዜ በስኪው ሊረግጣት ሲል ከእግሩ ሥር እንደተነሣችበት የነገረን ያኔ ነው።

እንግዲህ መሄድ ለሚፈልግ ሰው የምመክረው ይህ ነው። የድርጅቱን ባይኖኩላር አይከራዩ፤ ከዘመድ መዋስ ቢቻል ያ ይሻላል፣ ካልተቻለም ከመቀበልዎ በፊት ወደ ብርሃን አዙረው ሌንሱን ይዩ፣ አንድ ቀጥ ያለ ምሰሶ ተመልክተውም ምስሉ ድርብ አለመሆኑን ያረጋግጡ። ደማቅ ቀለም ያለው ልብስ አይልበሱ። ከአምስት ሰው በላይ አይሁኑ። ቁርስዎን ቤትዎ በልተው ይውጡ። ከሁሉም በላይ፣ ሲመዘገቡ የእኛን አስጎብኚ ይጠይቁ፤ ድርጅቱ ሌሎችም አሉት፣ እሱ ግን በየጥር በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ላይ በሚደረገው የውኃ ወፎች ቆጠራ ለዓመታት በበጎ ፈቃድ የሠራ ሰው ስለሆነ ጆሮው የሰለጠነው እዚያ ነው።

ለባይኖኩላሮቹ የከፈልነው ገንዘብ እንዲመለስልን ቢሮውን ጠይቄ፣ የሁለቱን ብልሹ መነጽሮች 600 ብር ከአንድ ሳምንት በኋላ መልሰውልናል። ለየካቲት ሁለተኛ ቅዳሜም በድጋሚ ተመዝግበናል፤ ጋሼ ሦስት የሠፈር ጓደኞቻቸውን ጨምረዋል። መናፈሻው ተሰርዞ ሰዓቱ በሙሉ ለሥላሴ፣ ለግንፍሌና ለስድስት ኪሎ እንዲውል ጠይቀን አስጎብኚው በደስታ ተስማምቷል፤ ቢሮው ግን ሚኒባሱ ቢቀርም ዋጋው አይቀንስም ብሏል።